እግሩ የጠበበ ገበቴ

ሐይቅ፣ ዓርብ ጠዋት 12፡30

«እግሩ ጠቧል እልሃለሁ!»

«ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚወስደው። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል።»

«እህቴ ግድግዳ ላይ አትበላም፣ ሰይድ!»

ሰይድ የአጎቴ ልጅ ነው፤ በኤሌክትሪክ ቶርኖ የእንጨት ገበቴ ይሠራል። እህቴ ሰዓዳ እሑድ ታገባለች። በእኛ ቤት ለሙሽራ ገበቴ የሚሰጣት ወንድሟ ነው፤ በሠርጉ ማግስት ከአማቷ ጋር የምትበላው በእሱ ነው። ያዘዝኩት እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ፦ አፉ ሁለት ተኩል ስንዝር፣ መቆሚያ እግሩ ግማሽ ስንዝር፣ ከንፈሩ ዙሪያውን አበባ። ዳሩን ጫን አልኩት፤ ድፍት!

«አማቷ እጇን ስታሳርፍ ወጡ ቀሚሷ ላይ ነው።»

«አብሽር፣ ቀስ ብለው ይብሉ።»

ቀስ ብለው ይብሉ! ሰው ለገበቴ ሊጠነቀቅ ነው። በብብቴ ይዤው ሌላ ሠሪ ፍለጋ ወደ ውጫሌ ወጣሁ።

መንገድ ላይ፣ 2፡00

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ሐይቁ ከነጉሙ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ገበቴው ጉልበቴ ላይ ነው፤ ዳሩ ጎኔ ያለችውን ሴትዮ ክንድ ይገፋል።

«ወንድማለም» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «ዲሹን ወደ ሰማይ አዙረው፣ ጣቢያ ይያዝልን።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ውጫሌ፣ 3፡30

አያ ይማም በእግር በሚረገጥ መዞሪያ ገበቴ ሲሠሩ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ገበቴውን ሲቀበሉኝ ፊቱን አላዩም፤ ገልብጠው እግሩን አዩ።

«ይኸን የሠራው አፉን ሲያሳምር ውሏል። እግር የአፍ ሲሶ ካልሆነ ገበቴ አይቆምም፤ ለዓይንም አይጥምም።»

«እግሩን ያስፉልኝ።»

«የተላገ እንጨት ይበቅላል እንዴ?»

አዲስ እንዳይሠሩልኝ ያላቸው የዋንዛ እንጨት እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል። የቀረው ከንፈሩን መቀነስ ነው። አበባው በፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግሬ ሥር ወረደ፤ በእያንዳንዷ ፍቅፋቂ ሰይድን ረገምኩት። ሲያበቁ አፉ አንድ ተኩል ስንዝር ሆነ። አነሰ። ግን ዓይን ከዳር እስከ ዳር ሳይደናቀፍ ይሄድበታል፤ ግጥም እሞክራለሁና፣ እንዲህ ያለ አንድ ስንኝ ብጽፍ ለወር ይበቃኛል።

አክስቴ ቤት፣ 6፡00

አክስቴ ከድጃ የሰዓዳን የሠርግ ስጦታ በየዓይነቱ ደርድረዋል፦ ብርድ ልብስ፣ ፔርሙስ፣ በር የሚያህል ትሪ።

«ይቺ የሕፃን ናት? ወንድምየው ይቺን ሰጠ ሲባል ምን እንባላለን?»

«ገበቴው ለሚያወራ ነው ለሚበላ?»

«ለሚያወራው ነዋ! የበላማ ዝም ይላል።» ገበቴውን ወደ እኔ ገፉት። «ሂድ ትልቅ ይዘህ ና። ይቺን ከዕቃዋ ጋር አልልክም፤ ወላሂ አልልክም!»

ደሜ ፈላ። ከማለዳ ጀምሮ ዳገት ለዳገት ያዞረኝ የአፍና የእግር ልክ፣ እዚህ ቤት ከትሪ ጋር በስፋት ሊወዳደር ነው። አፌን ስከፍት፣ ጥግ ተቀምጣ ሂናዋን ታደርቅ የነበረችው ሰዓዳ ተነሳች። ገበቴውን በክንዶቿ አቀፈችው፤ ሂናው ስላልደረቀ ጣቶቿን አላስነካችውም።

«ከአማቴ ጋር የምበላው እኔ ነኝ» አለች።

«ወዴት ነው? አንቺ ልጅ!»

«ሳጥኔ ውስጥ ላስገባው።»

ወጣች፤ ጓዳ ገብታ በሩን በተረከዟ ዘጋችው።