በግራ በኩል ያለው አመድ

ባለፈው ሳምንት ሐያት ደወለችልኝ። ሐያት ጎረቤታችን ናት። ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ የምታዘጋጅበት ትንሽ ቤት ከፍታለች።

«ሙሄ፣ አዲሱ የኮምፒውተር እስክሪን መጣልኝ» አለች። «ግን አንድ ነገር አለው። በቀኝ በኩል ቀለሙ ልክ አልመጣልኝም። ናማ እየው፣ በአላህ።»

«እመጣለሁ» አልኳት። አልሄድኩም። በማግስቱም ደወለች፤ ሥራ በዝቶብኛል አልኩ። ሥራ አልነበረኝም። ፈርቼ ነው። ሰው አዲስ እስክሪን ፊት ተቀምጦ «በዚህ በኩል ቀለሙ ልክ አይደለም» ሲል ከሰማሁ እሸሻለሁ። የምፈራው ደግሞ ለእስክሪኑ አይደለም። ነገሩ ከታላቅ ወንድሜ ከእንድሪስ ጋር የተያያዘ ነው። መጻፍ ብዙም አልለመድኩም፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

እንድሪስ ፎቶ ቤት ነበረው። እኔ ትምህርት እንደጨረስኩ አብሬው መሥራት ጀመርኩ። ሥራችንን ተከፋፍለን ነበር። ካሜራ ይዞ ሠርግ ቤት መዋል የእኔ፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ቀለም ማስተካከልና ማተም የእሱ። ጥር ሲገባ እፎይታ የሚባል ነገር የለም። ማሽላው ተሰብስቦ አገዳው በየደጁ ይከመራል፣ መንገዱ አቧራ ብቻ ይሆናል። እኔ በሞተር ወደ አምባሰል አፋፍ ያሉትን መንደሮች ስዞር እውላለሁ። ማታ ስመለስ ጥርሴ ሳይቀር አቧራ ነው። ሠርግ ቤት ግን ፎቶ አንሺ አይራብም። «ብላ፣ ካልበላህ እጅህ ተንቀጥቅጦ ልጃችንን ታበላሽብናለህ» እያሉ ሥጋውን ይቆልሉልኛል። የአምባሰል ገደል ወደ ማምሻው ላይ ሲቀላ ሙሽሮቹን እዚያ አቁሜ አነሳለሁ። ያንን ቅላት እንድሪስ በጣም ይወደው ነበር። «ይሄን ማንም ኮምፒውተር አይሠራውም» ይላል።

የዚያን ዓመት ግን ደንበኛ ማጉረምረም ጀመረ። ፎቶዎቹ ታትመው ሲወጡ በግራ በኩል ያለው ሰው ሁሉ ይቀላል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ነው የተናገረው። በኋላ እቴ ፋጡማ የሚባሉ የሙሽሪት እናት ከመንደራቸው ድረስ አልበሙን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ።

«እንድሪስ!» አሉ ገና ከደጅ። «ልጄን ያጋባሃት ከሰው ጋር ነው ከድልህ ጋር? እያት እስቲ! ግማሽ ፊቷ በርበሬ! ሚዜዎቿማ ከነልብሳቸው ቲማቲም ሆነዋል!»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ዞርኩ። እንድሪስ አልበሙን ተቀብሎ አየው፣ አቀረበው፣ አራቀው።

«እቴ ፋጡማ፣ ወላሂ እኔ እኩል ነው የሚታየኝ» አለ።

«እኩል? ዓይንህን ታጠብ ልጄ!»

ሴትየዋ ሲሄዱ እንድሪስ ወደ እስክሪኑ ጠቆመ። «ይሄ ነው ያዋረደኝ» አለ። «በግራ በኩል ቀለሙ ከሞተ ቆየ። ሁሉም ነገር አመድ ይሆንብኛል። እሱን ለማዳን ብዬ ቀይ እጨምራለሁ፣ ሲታተም ይኼ ይሆናል።» አመንኩት። የቀለም ነገር የእሱ ነው። እኔ አንድም ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከእሱ ዓይን ይልቅ የራሴን አላመንኩም። እስክሪኑም አርጅቷል፤ ገና ሥራ ስንጀምር የነበረ ነው።

ስለዚህ ከዱባይ የሚመለስ ዘመዳችን አዲስ እንዲያመጣልን ተነገረው። አመጣ። በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው ያመጣው። እንድሪስ እንደ ልጅ ነበር የሆነው። ካርቶኑን ሲከፍት «ቢስሚላህ» አለ፤ ፕላስቲኩን ሲልጥ አሁንም «ቢስሚላህ» አለ።

አዲስ እስክሪን ሲመጣ የሚፈትንበት መንገድ ነበረው። መጀመሪያ ከፍቶ ይተወዋል። «እስክሪን እንደ ሰው ነው፣ እንደነቃ አትጠይቀውም። ይሙቅ» ይላል። እሱ እስኪሞቅ ምሳ በላን። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ነው፤ የተጠበሰ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ያለው። እሾሁን እየለቀመ ስለ እቴ ፋጡማ ይቀልድ ነበር። «አሁን ይምጡና ይዩ፣ ልጃቸውን ወተት አደርጋታለሁ» ይላል። እጃችንን ታጥበን፣ በሩን ዘግተን፣ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቀልን። ከዚያ አንድ ቀለም ብቻ እስክሪኑን ሙሉ ይሞላል። ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ። እስክሪኑ ጤነኛ ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ነጩ ላይ ጠጋ አለ። አረንጓዴው ላይ ወደ ኋላ ራቅ አለ። ቀዩን ሲከፍት ቤቱ ሁሉ ቀላ፣ የእሱም ፊት ቀላ።

«አይ» አለ። «ይሄም ያው ነው።»

«ምን?»

«በግራ በኩል። አታየውም እንዴ? ከመሐል ወደዚህ አመድ ነው።»

አየሁ። ቀይ ነው። ጠጋ አልኩ፣ ዝቅ አልኩ፣ ከጎን አየሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ ነው።

«እኔ አይታየኝም» አልኩ።

«አንተ ካሜራ ተሸከም ብቻ» አለ እየሳቀ። «ዓይን አልተሰጠህም።»

መስኮቱ ላይ የሰቀልነው ጋቢ ቀዳዳ ኖሮት፣ ብርሃን ገብቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወይም ከመንገድ ተመትቶ። እሱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ገልብጦ ማየት ነው። ነውሩ የእስክሪኑ ከሆነ አብሮት ይዞራል፤ በግራ የነበረው በቀኝ ይሆናል። እስክሪኑን ከነሽቦው አነሳሁና ራሱን ወደታች አድርጌ ደረቴ ላይ ያዝኩት።

«አሁንስ?» አልኩ።

«ገለበጥከው?»

«ገለበጥኩት።»

«አሁንም በግራ ነው።»

እየቀለደ መሰለኝ። እንድሪስ ቀልድ ይወዳል። ሳቅ እያልኩ መለስኩት፣ እንደገና ገለበጥኩት። «አሁንስ?» «በግራ።» ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። እስክሪኑ እጄ ላይ ሞቆ ነበር፤ ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እስከ ዛሬ የምፈራው ይህቺን ሰዓት ነው። ቀን ነው፣ ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ ቤቱ ውስጥ የዓሣ ሽታ አለ። ወንድሜ ቀይ ብርሃን ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ ያያል። ከዚያ ሌላውን ይከድናል። በሁለቱም ያው ነው። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ዱዓ ማድረግ ጀመርኩ። «ያ ረቢ፣ እስክሪኑ ይበላሽ። እስክሪኑን አበላሸው።» ገና ከካርቶኑ የወጣ ዕቃ እንዲበላሽ የለመንኩት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንድሪስ ከወንበሩ ዞረ። ከኋላችን ሰው ቁጭ አድርገን የምናነሳበት ቀይ መጋረጃ ተሰቅሏል። መሐሉን ትኩር ብሎ አየ። መጋረጃው እስክሪን አይደለም፣ ሽቦ የለውም፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። ወንድሜ ግን ያንኑ ግማሹን እያጣ እንደሆነ ከፊቱ አወቅሁ።

«ሙሄ» አለ ቀስ ብሎ። «ለእማ አትንገራት።»

እማ ግን ሳይነገራት አወቀች። ጋቢውን ከመስኮቱ ሳናወርድ ወደ ቤት ስለሄድን «ጋቢዬስ?» ብላ ጠየቀችና የሁለታችንን ፊት አየች። ከዚያ በኋላ ስለ ጋቢው አልጠየቀችም። «አብሽር ልጄ» አለችው። ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ «አብሽር» አለችው።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዘን ደሴ ሄድን። መንገዱን ሁሉ እንድሪስ የመንገደኛ ልብስ ነበር የሚያየው። ቀይ ሻርፕ ያደረገች አንዷን ትኩር ብሎ ያይና አንገቱን ያዞራል፤ ደግሞ መልሶ ያያል። ሴትየዋ ተቆጥታ ሻርፗን አጠበቀች። ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላወቅሁም።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ብዙ ጊዜ ወስዳ መረመረችው። «ዓይንህ ጤነኛ ነው» አለች በመጨረሻ። እኔ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ተነሳሁ። እሷ ግን አልተነሳችም። «ዓይንህ ጤነኛ ስለሆነ ነው የጭንቅላት ምርመራ የምጽፍልህ» አለች። መልሼ ተቀመጥኩ። አንጎሉ ውስጥ ከኋላ በኩል፣ ቀለም በሚለይበት ቦታ፣ እብጠት ተገኘ። ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ። እቴ ፋጡማ ዘንድ እንድወስደው። በሞተር ከኋላዬ አድርጌ ወሰድኩት። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው የበደለውን «አፉ በለኝ» ሳይል አይወጣም፣ እኛ አገር እንዲህ ነው። እሱ ደግሞ ያኔ በጣም ያሳሰበው ይሄ ነበር፤ የሰው ሠርግ አበላሽቻለሁ ይላል።

እቴ ፋጡማ ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ያበጥሩ ነበር። ወሬውን ሰምተዋል። ሰፌዱን አስቀመጡ።

«አፉ በይኝ፣ እናቴ» አለ እንድሪስ። «ልጅሽን አቅልቼብሻለሁ።»

«አፉ ብያለሁ! አፉ ብያለሁ!» አሉ። ዓይናቸው ሞላ፣ ግን ቶሎ ብለው ሳቁ። «ደግሞስ ቅላት ምን አላት? ሙሽራ አይደለች እንዴ! የሠርጓ ቀን ያልቀላች መቼ ልትቀላ ነው?»

እንድሪስም ሳቀ። እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ብዙ ዱዓ አደረጉለት። እኔ ወደ ሞተሩ ሄጄ ያልላላውን ብሎን ሳጠብቅ ቆየሁ።

ከአዲስ አበባ ሲመለስ ክረምት ገብቶ ነበር። ቀዶ ጥገናው የቻለውን ሠርቷል አሉን። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ ከበረንዳው ሐይቁ ይታያል። እዚያ አስቀምጠነው ይውላል። ዓይኑ ቀስ በቀስ እየጠበበ ነበር፣ ቀለሙም እየተወው።

«ሙሄ፣ ሐይቁ ዛሬ ምን ቀለም ነው?» ይለኛል።

እነግረዋለሁ። ደመና ሲሆን «ብረት መስሏል» እላለሁ፣ ፀሐይ ሲወጣ «ሰማያዊ ሆነ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ» እላለሁ። አመድ የሚለውን ቃል ግን አልጠራም፤ አመድ የመሰለበት ቀን ቢኖርም። አንድ ጠዋት ጠየቀኝና መልሴን ሳይሰማ እንቅልፍ ወሰደው። ወደ አኼራ የሄደው በዚያው ሳምንት ነው። ሐምሌ ነበር፤ ስንቀብረው ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር።

ፎቶ ቤቱን ዘጋሁት። አሁን ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የእስክሪን ቀለም ፈትን ሲሉኝ ግን ሰበብ እፈልጋለሁ።

ሐያት ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ጤነኛ ትመስላለች። እንድሪስም ይመስል ነበር።

«ይኸው፣ በቀኝ በኩል» አለችኝ። «ሮዝ ነገር ጣል አርጎበታል።»

ነጭ ገጽ ከፍታለች። አየሁ። የሚታየኝ ይኑር አይኑር መለየት አቃተኝ፤ ዓይኔ ይርገበገብ ነበር። «አንድ ዓይንሽን ክደኚ» አልኳት። «ለምን?» አለች። «ዝም ብለሽ ክደኚ።» ከደነች። «ያው ነው» አለች። እስክሪኑን አነሳሁት። ወደ ደረቴ አስጠግቼ ገለበጥኩት።

«አሁንስ?»

ጠጋ ብላ አየች። ራቅ ብላም አየች።

«እንዴ!» አለች። «አሁን በግራ ሆነ።»

«መልሼ ልገልብጠው?»

«እሺ… አሁን በቀኝ ነው። አብሮ ይዞራል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ከውጭ ያለፈ ሰው ሳይቀር ዞሮ አየኝ። እስክሪኑን እንዳቀፍኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?» አለች ሐያት በንዴት። «የተበላሸ ዕቃ ተሸክሜ! በእኔ ትቀልዳለህ እንዴ?»

«አልቀልድም» አልኩ። «ተበላሽቷል። በደንብ ተበላሽቷል። እኔ ራሴ አስቀይርልሻለሁ።»

የገዛችው ደሴ ነው። በማግስቱ ጠዋት እስክሪኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከእንድሪስ ወዲህ ያን መንገድ ሳልፈራ ሄጄው አላውቅም ነበር። ሐኪም ዘንድ ሳይሆን ዕቃ ቤት፣ የሚመለስና የሚቀየር ነገር ይዤ። ሰው ይህን የመሰለ መንገድ በየቀኑ ይሄዳል፣ ጸጋ እንደተሰጠው አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ካርቶኑን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ማሻ አላህ፣ አዲስ ነው?» አሉ።

«ተበላሽቷል፣ አባቴ» አልኳቸው። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ግራ ገብቷቸው ትኩር ብለው አዩኝና እሳቸውም ፈገግ አሉ።