መሬት የምታሞቀዋን ልጄን ላመጣ ኦስሎ ሄጄ

ከቦሌ ስነሳ ሻንጣዬ ውስጥ አምስት ኪሎ በርበሬ፣ ጆሮዬ ላይ ደግሞ የባለቤቴ ትእዛዝ ነበር፦ «ሳትይዛት እንዳትመለስ።» ልጃችን ሰላም ኦስሎ ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ናፍቆቷ አላስተኛ ብሎናል። እኔ አርባ ዓመት የግንባታ ፎርማን የነበርኩ ሰው፣ ስንቱን ሠራተኛ አሳምኜ ልጄ ታቅተኛለች ብዬ አላሰብኩም።

የመጀመሪያው ቀን

ኤርፖርት ተቀብላኝ በባቡር ሆልምሊያ ወዳለው ቤቷ ወሰደችኝ። በመስኮት የሚታየው ሁሉ ነጭ ነው። ሽሮ ሠርታ አበላችኝ። ነገሩን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ብርድ ልብስ አለበስኳት።

ሁለተኛው ቀን

ዕረፍት ወስጃለሁ ብላኝ ነበር፤ ጠዋት ስልክ ተደወለ።

«ሼፉ ነው፣ አለቃዬ፣ አባዬ። ማሞቂያ ማሽኑን የሚይዘው ልጅ ታሟል። አብረኸኝ ትመጣለህ?»

ማዮርስቱን ከሚባለው ሰፈር አጠገብ አንድ ባርነሃገ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት፣ ሊሰፋ መሠረት ይቆፈራል። ዶማ አንስቼ መሬቱን ብመታው ዶማው ነጥሮ ተመለሰ። አለት ፈልጫለሁ፤ አፈር በብርድ በረዶ ሆኖ እንዲህ ሲጠነክር ግን አላየሁም። ሰላም ከማሞቂያው ማሽን የሚወጣውን፣ ትኩስ ፈሳሽ የሚዞርበትን ረጅም ጎማ መሬቱ ላይ እያመላለሰች ዘረጋች። ላዩን በወፍራም ምንጣፍ ሸፈነችው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አራት ቀን።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አራተኛው ቀን

መሠረት ከመቆፈሩ በፊት አፈሩን በእጄ ካልነካሁ አይሆንልኝም። ዞር ስትል ጠብቄ ምንጣፉን ገለጥኩ።

«ናይ፣ ናይ! አይሆንም! አባዬ፣ ሙቀቱን ለቀቅከው። ከሥር እኮ ገና ነው።»

በስተርጅናዬ ተቆጣችኝ፤ ልክ እኔ ሠራተኞቼን እንደምቆጣው። ኮራሁባት። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ፤ ሥራውን እንዲህ የያዘን ሰው ጥለሽው ነይ እንዴት ይሉታል?

ስድስተኛው ቀን

ምንጣፉ ሲነሳ እንፋሎት ተነነ፤ በዚያ ሁሉ በረዶ መሃል ጥቁር እርጥብ አፈር ታየ። የሰኔ ዝናብ የጀመረ ዕለት የሚሸተው ሸተተኝ። ሰላም ጓንቷን አውልቃ አፈሩን ጨብጣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ይሄ ሲሸተኝ ቤት ነው ትዝ የሚለኝ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። መቆፈሪያው ማሽን መጣና ገለል በሉ አሉን። ይህ ግን ሰበብ ነው። እምቢ ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ። የቀሩትን ቀናት ግሮንላንድ ወደሚባለው የኦስሎ ገበያ ሰፈር እየሄድን የጤፍ ዋጋ ስንጠይቅና ውድነቱን ስናማ ጨረስናቸው።

ቤት

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ እኔን አልፋ ታክሲው ውስጥ አየች።

«ምን አለችህ?»

«አልጠየቅኳትም።»

እዚያው ስልክ ደውላ ጠየቀቻት፤ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሰላም መለሰች።

«አባዬ ይጠይቀኛል ብዬ አሥር ቀን ጠበቅኩ፣ እማዬ። ዝም ሲል መምጣቴን ያልፈለገው መሰለኝ። ሸኝቼው ስመለስ ለሁለት ዓመት ሥራ ፈረምኩ።»

አርባ ዓመት ሰው ሳዝ ኖሬ ልመና የማላውቅ ሰው መሆኔን ያስተማረኝ ይህ ጉዞ ነው። ባለቤቴ ስልኩን ሰጠችኝ። ተቀብዬ ብርዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት።