የጋሽ ፈንቴ መጽሐፍ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለማን ላውጣው? ለቄስ እንዳልናዘዝ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ። ለረቢው እንዳልነግረው ገና ሳስበው አንገቴን እደፋለሁ። ሚስቴ ብትሰማ ታዝንብኛለች፤ ልጆቼ ደግሞ ረዘም ያለ አማርኛ ለመስማት ትዕግሥቱ የላቸውም። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ። ጋሽ ፈንቴን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ፈንቴ እዚህ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ እኛ ሕንፃ ውስጥ፣ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ አንዲት ልጃቸው ወርቅነሽም ትዳር ይዛ ያቭነ የምትባል ከተማ ሄዳለች። አያቶቻቸው እንደ እኔ አያቶች ክርስትና የተነሡ ቤተ እስራኤሎች ስለነበሩ፣ ሁለታችንም ጊዩር የሚባለውን ወደ አይሁድነት የመመለሻ ትምህርት አብረን እንማር ነበር። ከጎንደር ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ሦስት ያረጁ የክርስቲያን መጻሕፍት ይዘው መጥተዋል። ስለ እምነትና ስለ ምግባር የሚመክሩ ናቸው፤ ቁጣን ስለ ማብረድ፣ ቃልን ስለ መጠበቅ፣ ምላስን ስለ መግታት።

"ክርስትናውንስ ትቻለሁ፤ ምክሩን የት ልጣለው? ሰው ያደረገኝ እሱ ነው" ይሉኝ ነበር።

አንዱን አዋሱኝ። ያኔ ቤኤር ቱቪያ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽግ ነበር። ስገባ ሚስቴ ወደ ሥራዋ ወጥታለች፣ ልጆቹ በዕብራይስጥ እርስ በርስ ይንጫጫሉ። የሚያነጋግረኝ ሰው አልነበረም፤ ያ መጽሐፍ አነጋገረኝ። ስለ ምላስ የሚናገረውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልብ በሉልኝ፣ ሁለት ጊዜ። ያቆምኩበት ገጽ እንዳይጠፋኝም ከሥራ ያመጣሁትን የካርቶን አድራሻ የሚጻፍበትን ብጣሽ ወረቀት አጥፌ አስገባሁበት።

አንድ ዓርብ ጠዋት የጊዩሩ መምህር ከአስተርጓሚው ጋር ቤታችንን ሊያይ መጣ። ወጥ ቤቱን አየ፣ የሥጋውና የወተቱ ዕቃ መለየቱን አየ፣ ደስ አለው። አስተርጓሚው ግን ቴሌቪዥኑ ሥር መጽሐፉን አገኘና የላዩን ጽሑፍ አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ።

"የኔ አይደለም" አልኩ። "ላይ ያሉት የጋሽ ፈንቴ ነው። ከፍቼም አላየሁት።"

የማን ነው ብለው አልጠየቁኝም ነበር። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ማንም ስም አውጣ አላለኝም። እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ በፍጥነት፣ በሙሉ ድምፅ። ምን ፈርቼ ነው? ጊዩሩ እንዳይበላሽብኝ። እሳቸውስ የሚበላሽባቸው ነገር አልነበራቸውም? ይህን ያኔ አላሰብኩም ብል ውሸት ይሆናል። አስቤዋለሁ።

ለባለቤቱ መልስ ተባልኩ። በር አንኳኩቼ ዓይናቸውን ለማየት ወኔ አጣሁና መጽሐፉን በፌስታል አድርጌ የበራቸው እጀታ ላይ ሰቀልኩት። እሳቸው ተጠሩ፣ ተጠየቁ፣ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ጀምሩ ተባሉ። ከማን ቤት እንደተገኘ ማወቃቸው አይቀርም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን እንደ ድሮው "ደህና ዋልህ ወይ ታደለ?" ብለው ያልፋሉ። ምነው በሰደቡኝ!

እኔ ጨረስኩ። እሳቸው አልጨረሱም። ለጸሎት አሥር ወንድ ይፈለጋል፤ ጊዩሩን ያልጨረሰ አይቆጠርም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምኩራብ ውስጥ ሰው ጎደለ። ሰው በቁጥር መቁጠር ነውር ስለሆነ ገባዩ፣ የጸሎቱ አስተናባሪ፣ አሥር ቃል ያለውን ጥቅስ እያለ በጣቱ ጠቆመን። ጣቱ ጋሽ ፈንቴን ዘለለና እኔን ነካኝ። እኔ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ነበርኩ። ጋሽ ፈንቴ ብድግ ብለው ወጡ። የተከፉ መስሎኝ ነበር። በመስኮት ግን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንድ ወጣት ሲለምኑ ሰማኋቸው።

"ያላ ልጄ፣ ቶሎ ና፤ አንድ ሰው ጎደለን።"

ጎደለን አሉ። እሳቸው ያልተቆጠሩበትን ጸሎት አሟልተው ጥጋቸው ተቀመጡ። ከዚያ ትምህርቱን ሳይጨርሱ ሞቱ። እኔ በቀብራቸው ላይ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ጥሩ ጎረቤት አለኝ።

ባለፈው ወር ወርቅነሽ በዋትሳፕ ድምፅ ላከችልኝ። "ጋሽ ታደለ፣ የአባዬ መጻሕፍት እኔ ጋ አሉ። ለርስዎ ስጪ ብሎኝ ነበር፤ እኔ እንደሆንኩ አማርኛ ማንበብ አልችልም። ይምጡና ይውሰዱልኝ፣ እሺ፣ ቤሰደር?"

ሄድኩ። ሻይ አቀረበችልኝ። "አባዬን ቁም ነገር ያጫወቱት እርስዎ ብቻ ነዎት" ብላ አመሰገነችኝ። ሻዩን ጠጣሁ፣ መጻሕፍቱን ተቀብዬ ተነሣሁ። በዚያ ዓርብ ዝም ማለት የነበረብኝ ሰውዬ፣ በዚህ ቀን መናገር ሲገባኝ ምላሴን ገታሁት።

ስመለስ ጌዴራ ላይ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ያንን መጽሐፍ ከፈትኩት። ከፊትም ከኋላም፣ እኔ ሳነበው ያልነበረ የእርሳስ መስመር አለበት፤ እኔ ከመለስኩላቸው በኋላ ደጋግመው አንብበውታል። ብጣሽ ወረቀቴ ግን እዚያው ነበረች፣ እንዳጠፍኳት፣ ባቆምኩበት ገጽ ላይ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ቦታዬን ጠብቀውልኛል። ማቆሚያው ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አሁን መጽሐፉ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይውላል። የሚያነበው ስለሌለ የሚያጋልጠኝም የለም። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለእናንተ ብነግራችሁም፣ ይህን የጻፍኩት ለወርቅነሽ ነው። የፊታችን እሁድ ይህን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ያቭነ እሄዳለሁ። እሷ ማንበብ ስለማትችል፣ ከፊቷ ተቀምጬ በገዛ አፌ አነብላታለሁ።