ቦዩ የዋጠው ሕግ

እስቲ ቀና በሉና ያንን ሽቦው ላይ የሚወዛወዘውን ነጭ ነገር እዩት። ክንፉን የዘረጋ ወፍ ይመስላል። ፌስታል ነው። ቦይ ጠራጊው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ዋናተኛው» የሚለው፣ እንዲህ ያለውን ሲያይ አካፋውን ተደግፎ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ከጭቃ ሲጎትተው የሚውለው ነገር ነፋስ ሲያገኝ ማማሩ ይገርመዋል። በሕልሙ ግን ቦዩ ንጹሕ ነው፤ ውኃው ጠጠሩን እያሳየ ኮለል እያለ ይወርዳል።

ስለዚህ ፌስታል የሚከለክለው ሕግ ሲታወጅ ፈነደቀ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትኖረውም የምትሠራውም ቦዩ ዳር፣ ከመንገዱ ዝቅ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እሷም ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች የገበያ ቦርሳ መስፋት ያዘች። የቦርሳው ክምር ጣሪያ ሊነካ ደረሰ።

«አንተ፣ ሥራ ልትፈታ ነው በለኛ!»

«ወንበር አውጥቼ ውኃ አያለሁ።»

«እንኳን ወንበር ሰጥተውህ፣ ቆመህም ታንቀላፋለህ!»

ሕጉ ሊጸና አንድ ቀን ሲቀረው ሰማዩ ከበደ። ባለሱቁ የተረፈውን ፌስታል በጥቅል በጥቅሉ እያወጣ ቦዩ ውስጥ ወረወረ። ጎረቤቶቹም አይተው ተከተሉት። ሕግ ማክበራቸው ነው እንግዲህ!

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?» ጮኸ ዋናተኛው።

«ነገ ሱቄ ውስጥ ቢያገኙት ይቀጡኛል። የት ላድርሰው ታዲያ ወንድሜ?»

እውነትም፣ የት ያድርሰው? ሕጉን የጻፉት ጌቶች «እንዳትይዙ» አሉ እንጂ የተያዘውን የሚረከብ አንድ ሰው እንኳ አላቆሙም! ወረቀቱን ፈርመው፣ አጨብጭበው ሄዱ።

ዝናቡ ወረደ። ፌስታሎቹ አየር ውጠው ተነፉና፣ ብዙ ጨረቃ የወደቀበት ይመስል ቦዩ ነጣ። ዋናተኛው ለአፍታ ፈዝዞ አያቸው። ወዲያው ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ ድፍን አለ፤ ውኃው ዞሮ እህቱ ቤት ገባ።

ሲደርስ የስፌት መኪናዋን አቅፋ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች። አበባ አበባ ቦርሳዎቿ በበሩ እየተንሳፈፉ ይወጣሉ።

«እኔን ተወኝ! ቱቦውን ክፈት!»

እስከ አንገቱ ገባ። በሁለት እጁ እየዘነጠለ ጎተተ፤ በመጨረሻ ቦዩ በረጅሙ ተነፈሰና ውኃው ጎደለ። የስፌት መኪናዋ ተረፈች። ቦርሳዎቹን ግን ጭቃው በላቸው።

እናንተ ቤት ያለውን ፌስታልስ? እባካችሁ ቦይ ውስጥ አትጣሉት። ተሸክማችሁ ሕጉን ያወጣው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሂዱና «ተረከቡን» በሏቸው፤ እስኪረከቧችሁም ከበሩ ንቅንቅ አትበሉ።