ሳተላይቷን የሸፈናት ሰሌዳ

ባለፈው ሐሙስ፣ ጎንደር አራዳ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ፣ ቀዩ መጋረጃ ሲገለጥ ሰው ሁሉ አጨበጨበ... እኔ ጮህኩ።

«ማነው ይሄን የለጠፈው?!»

አሁንም ስጽፍላችሁ ደሜ እየፈላ ነው። እስኪ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፣ መሐንዲስ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር እዚሁ ጎንደር አንዲት ትንሽ ሳተላይት ሠርተናል። ትንሽ ስል የምሬን ነው፤ የጫማ ካርቶን ውስጥ ገብታ ቦታ ይተርፋታል። ጃናሞራ ወረዳ ላይ ኔትወርክ በማይደርስባቸው ቀበሌዎች የዝናብ መለኪያ ተክለናል። እሷ በላያቸው ስታልፍ ልኬቱን ተቀብላ ለእኛ ታወርዳለች፤ እኛ ደግሞ ዝናቡ የምር ይዟል ወይስ እያታለለ ነው የሚለውን ለገበሬው እንነግራለን። በቃ፣ ሥራዋ ይሄ ነው።

ችግሩ መሳፈሪያው ነው። እንደ እሷ ያሉት የራሳቸው ሮኬት የላቸውም፤ ትልልቆቹ በተከራዩት ሮኬት ላይ በተረፈው ቦታ ነው የሚሄዱት። አሁን ደግሞ በየአገሩ ትንሽ ሳተላይት የማይሠራ የለም። ገበያው ደርቷል፣ ሮኬቱ ግን ያንኑ ያህል አልበዛም። ስለዚህ ወረፋ ነው። በቀኑ ካልደረስክ ቦታህ ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ ለምኖ ማሳዘን የሚባል ነገር የለም። እኛም ስንት ደጅ ጠንተን ነው አንድ ቦታ ያገኘነው። ዓርብ ታሽጋ ልትላክ ነበር።

ታዲያ «ሳትመረቅማ አትሄድም» ተባለ፤ መራቂው አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ናቸው። የምረቃው አዘጋጆች ሲመጡ ለፕሮቶኮሉ ሰውዬ ለምኜ ነገርኩት። ለእይታ የሠራነው ባዶ ሞዴል አለ፣ እሱን አስመርቁ፣ እውነተኛዋ በጓንት እንጂ በባዶ እጅ አትነካም አልኩት።

«ክቡርነታቸው ባዶ ቆርቆሮ ይመርቁ?» አለኝ።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ «እሺ» አለ። እኔም «እሺ» ሲለኝ አመንኩት! ሐሙስ ጠዋት እኔ አዳራሹ ውስጥ ማይክ ሳስተካክል፣ እሱ ላቦራቶሪያችን ሄዶ «መሐንዲሷ ፈቅዳለች» ብሎ እውነተኛዋን ከልጆቹ ተቀብሎ ወጥቷል።

ክቡርነታቸው ንግግር አደረጉ። «የትንንሽ ሳተላይቶች ገበያ በፍጥነት እያደገ ነው። የሮኬት ቦታ ፈላጊው እጅግ ብዙ ነው። ቦታውን ያጣ ከወረፋው መጨረሻ ይጀምራል!» ... ጭብጨባ። ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያቺን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ሆን ብዬ ነበር ያስገባኋት፣ ምናልባት ሲያነቧት ይገባቸዋል ብዬ።

ከዚያ ሄደው መጋረጃውን ሳቡት።

የእኔዋ ሳተላይት ናት። ሶላሯ ላይ የነሐስ ሰሌዳ በማስቲሽ ተለጥፎባታል። ሰሌዳው ከእሷ ይበልጣል፤ በግራም በቀኝም ተርፎ ወጥቷል። «በክቡር እገሌ ተመርቃ ተሸኘች» ይላል፣ ስማቸው በትልቁ። የእሷ ስም የትም የለም።

ዘልዬ መድረክ ላይ ወጣሁ። ፕሮቶኮሉ ክንዴን ያዘኝ።

«ምነው አንቺ! ካሜራ አለ እኮ!»

«ሶላሩን ደፍናችሁታል! ፀሐይ ካላየች በምን ኃይል ልትሠራ ነው?»

ክቡርነታቸው ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ እህት፣ ተረጋጊ። እዚህ ካልተመቸሽ በሌላው ጎን ይለጠፋል።»

«በሌላው ጎንም ሶላር ነው!»

«ታዲያ ሰሌዳው የት ይሁን?» አሉኝ።

እየቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። የምር ግራ ገብቷቸው ነው የጠየቁኝ። ሳተላይቷ ያለ ሰሌዳ ልትሄድ እንደምትችል ጨርሶ አልታያቸውም።

ከሰዓቱን ሙሉ ልናላቅቀው ታገልን። ሰሌዳው ሲነሳ ሶላሩም አብሮት እየተሰነጠቀ መጣ። አንዱ ጓደኛችን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፤ እኔ ከንዴቴ ብዛት ለማልቀስም አልበቃሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሥራውን በጥራት የሠራው ማስቲሹ ብቻ ነው።

ለሮኬቱ ድርጅት የሆነውን ጻፍንላቸው። መልሱ አጭርና ጨዋ ነው። አዝነዋል፣ ቦታው ግን ተጠባባቂ ለነበረ ለሌላ ተሰጥቷል፣ ሶላሩን ጠግነን እንደገና እንመዝገብ። ከወረፋው መጨረሻ ማለት ነው።

ሰዎች «ተይው፣ አትጻፊው፣ ጥርስ ይነክሱብሻል» ይሉኛል። ይንከሱ! እኔ ተናድጃለሁ። የስንት ሰው ልፋት ለአንድ ፎቶ ሲበላሽ ዝም ካልኩ መቼ ልናገር ነው?

ደግሞ በሬድዮ ተነግሯል፤ «ተመርቃ ተሸኘች» ተብሎ።

ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ። አያ ፈንታ ናቸው፣ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ገበያ። አንደኛው የዝናብ መለኪያችን የቆመው በእሳቸው ግቢ ነው፤ ከብት እንዳይገፋው አጥር ያጠሩለት ራሳቸው ናቸው። አምና የመጀመሪያው ዝናብ አታሏቸው የዘሩት ገብስ መሬት ውስጥ ቀርቷል። መንደራቸው ኔትወርክ ስለሌለው የሚደውሉልኝ ገበያ ሲወጡ ነው።

«ልጄ፣ ተመረቀች ሲሉ በሬድዮ ሰማሁ። ሸጋ ነው! ዘንድሮ እናንተ ሳትሉ አልዘራም ብዬ ዘሬን ይዣለሁ። መቼ ነው የምትነግሩን?»



«አያ ፈንታ... አልሄደችም።»

«ምነው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሰሌዳውን፣ ማስቲሹን፣ ወረፋውን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

«ሳትሄድ ታዲያ ምኗን ነው የመረቁት?»

ክቡርነትዎ፣ ይህን ፖስት ካዩት መልሱን ለእኔ አይንገሩኝ፤ ለአያ ፈንታ ይንገሩልኝ፣ ዘራቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው።