የምኩራቡ ሙአለ ሕፃናት ምስክር

መነን ከባሏ ከክፍሌ ጋር በሱዳን አድርጋ ኦክላንድ ስትገባ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ ሳለች ሕፃናት ታስተምር ነበር፤ እዚህም ያገኘችው ሥራ ከዚያ ብዙ የራቀ አልሆነም። ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ሲኬድ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ አይሁዶች ከምኩራባቸው ጎን ሙአለ ሕፃናት ከፍተው ነበር፤ እዚያ ረዳት አስተማሪ ሆና ተቀጠረች። "ምኩራብ" የሚለውን ቃል ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሰምታው ስለማታውቅ፣ መጀመሪያ ሰሞን ለጓደኞቿ "ምኩራብ ነው የምሠራው" ስትል እነሱም ይስቁ፣ እሷም ትስቅ ነበር።

በ1988 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት አንድ ሐሙስ፣ ልጆቹ ምሳቸውን በልተው ተኝተዋል። መነን የአንዷን ልጅ ብርድ ልብስ ስታስተካክል ከውጭ የሚረጭ ነገር ድምፅ ሰማች። ቀና ብላ በመስኮቱ ስታይ፣ ራሳቸውን የተላጩ ሦስት ጎረምሶች የምኩራቡ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የናዚዎችን የተጣመመ መስቀል ይሥላሉ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አንደኛው "ሂትለር ሳይጨርሳችሁ የቀራችሁ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ ጥቁርነቷን ሰደበና "የአንቺም ተራ ይደርሳል" አላት። ወዲያው ጡብ መስኮቱን በርቅሶ ገባ።

መስታወቱ በተኙት ልጆች ላይ ረገፈ። መነን ሁለት ሁለቱን እያቀፈች ወደ ጓዳ አሻገረቻቸው። ኖዓ የሚባል የሦስት ዓመት ልጅ ግንባሩ ተሰንጥቆ ደሙ አልቆም አለ፤ ሐኪም እስኪደርስ በሻሿ ይዛ እቅፏ ውስጥ አቆየችው።

የመጣው ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹን አባበለ፣ ግድግዳውን ፎቶ አነሳ፣ የጎረምሶቹን መልክ ጠየቃት።

"ያሉንንስ አትጽፈውም?" አለችው።

"የምንመዘግበው ንብረት ማበላሸትና የአካል ጉዳት ነው። ለምን አደረጉት የሚለውን እንድንጽፍ የሚያዘን ደንብ የለም" አላት።

የሙአለ ሕፃናቱ ኃላፊ ሚስስ ገርሾን ይህን ሲሰሙ አልገረማቸውም። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው።

"መጀመሪያ ግድግዳችንን ሲያበላሹ አጥበን ዝም አልን" አሏት። "ቀጥሎ የመቃብር ድንጋዮቻችንን ገለበጡ። እያንዳንዱ ለየብቻ ስለሚታይ ለከተማው የጎረምሳ ጥፋት ብቻ ነው። አሁን ካውንስሉ፣ ማለት የከተማው ምክር ቤት፣ ለምን እንደ ተደረገም እንዲመዘገብ የሚያዝ ደንብ እንዲያወጣ እንጠይቃለን። በዓይኗ ያየች፣ በጆሮዋ የሰማች አንቺ ብቻ ነሽ። አላስገድድሽም፣ መነን።"

ክፍሌ ግን ነገሩን እንደ ሰማ ተቆጣ።

"ግሪን ካርዳችን ገና አልመጣም! ከመንግሥት ሰዎች ፊት ቆመሽ ምን ልትዪ ነው? አይሁዶቹ እንደሁ ስንት ጠበቃ አላቸው። ይሄ የኛ ጉዳይ አይደለም።"

"ጡቡ የመጣው እኔ ያለሁበት ክፍል ነው፣ ክፍሌ። ልጆቹንም ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ።"

"ቀበሌ ስብሰባ ላይ የተናገሩት የት እንደ ደረሱ ረሳሽው?"

አልረሳችውም። በደርግ ጊዜ ስብሰባ ማለት ለእሷ ተሰልፎ ገብቶ፣ አጨብጭቦ መውጣት ነበር። ካውንስሉ በሚሰበሰብበት ዕለት ግን አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች።

የምክር ቤቱ አባላት አምስት ናቸው። ስሟ ሲጠራ ማይክሮፎኑን ወደ ቁመቷ ዝቅ አድርጋ፣ ያየችውንና የሰማችውን ሳታሳንስ፣ ሳትጨምር ተናገረች። ስድቡንም ቃል በቃል አለችው።

አንድ ሽበታም አባል መነጽራቸውን አወለቁ። "አዝናለሁ፣ እመቤት። ግን መስኮት የሰበረን የምንቀጣበት ሕግ አለን። ለአንድ ሃይማኖት ለብቻው ደንብ የምናወጣው ለምንድን ነው?"

"ለአንድ ሃይማኖት አልጠየቅኩም" አለች መነን። "ልጅ ኳስ ሲጫወት መስኮት ቢሰብር፣ መስታወቱን እንቀይራለን፣ በማግስቱ ልጆቹ ይመጣሉ። ይሄኛው የተሰበረው ግን ልጆቹ ሁለተኛ እንዳይመጡ ነው። ግማሾቹ እስከ ዛሬ አልመጡም። ይህን ከኳሱ ጋር አንድ ላይ ከጻፋችሁት፣ ምን እንደ ደረሰብን መቼም አታውቁም።"

አንዲት ሴት አባል ደግሞ ሌላ ስጋት አነሱ፤ ሰውን በንግግሩ መቅጣት ቢጀመር ነገ ማን ላይ እንደሚዞር አይታወቅም አሉ። መነን ይህኛው ትክክለኛ ጥያቄ መሰላት። ሰው በንግግሩ ሲታሰር ከማንም በላይ አይታለችና። "በመናገሩ አይታሰር" ብላ መለሰች። "ጡብ ሲወረውር ያለው ግን ይጻፍ።"

ጉዳዩ ለጥናት ተብሎ ተላለፈ። በሚቀጥለውም ስብሰባ እንዲሁ። በጋው አለቀ። አብረው ይመጡ ከነበሩት የልጆቹ ወላጆች አንዳንዶቹ ሰልችተው ቀሩ፤ መነን ግን ሚስስ ገርሾን አጠገብ ቦታዋን ይዛ ትቀመጣለች። ግሪን ካርዱም በመሃል መጣ፤ ክፍሌ ግን ከኩርፊያው አልተመለሰም።

ኅዳር ላይ በስተሰሜን ካለችው ከፖርትላንድ ከተማ ክፉ ወሬ ደረሰ። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ራሳቸውን በተላጩ ነጭ ዘረኞች ተደብድቦ ተገደለ። ኦክላንድ ያለው አበሻ ሁሉ ስልክ ለስልክ ተጠራራ። ክፍሌ የሚነዳውን ታክሲ አቁሞ ቤት ገባና ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"እነዚያው ናቸው አይደል?" አላት።

"እነዚያው ባይሆኑም አንድ ናቸው።"

"ካውንስሉ መቼ ነው የሚሰበሰበው?"

ጥር ላይ ሲሰበሰብ፣ ከአዳራሹ ኋላ ያሉት ወንበሮች በአበሻ ታክሲ ነጂዎችና በአቅራቢያው ባለችው ከተማ በሚልፒታስ ፋብሪካዎች በሚሠሩ ሴቶች ተሞሉ። ነጠላ የለበሱ እናቶችም ነበሩ፤ ለቅሶ የመጡ ይመስሉ ነበር፣ እውነትም ለቅሶ ላይ ነበሩ። ክፍሌ በተራው ማይክሮፎኑ ጋ ቆመና በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ባለቤቴ መጀመሪያ እዚህ ልትመጣ ስትል ተዪው ብያት ነበር፤ ዛሬ አብሬያት ነኝ" ብሎ ተመለሰ።

ደንቡ ሦስት ለሁለት አለፈ። ፖሊስ እንዲህ ያለ ጥቃት ሲደርስ ምክንያቱን ጠይቆ እንዲመዘግብ፣ የፖሊስ አዛዡም በየጊዜው ለምክር ቤቱ በይፋ እንዲያስረዳ ያዛል። በንግግር ብቻ ማንም እንደማይቀጣም ተጻፈበት፤ ስለ ንግግር የሰጉትን ሴት አባል ድምፅ ያስገኘው ይህ ነው። ሽበታሙ አባል እስከ መጨረሻው ተቃወሙ።

ከጎረምሶቹ ሁለቱ ተይዘው ነበር፤ መነን ፍርድ ቤት ቀርባ ለየቻቸው። ጡቡን የወረወረው ታሰረ፤ ሌላው በገደብ ተለቀቀ፤ ሦስተኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኖዓ ግንባሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቶበት ተመልሶ መጣ። እናቱ መነንን በሩ ላይ አቅፋ ብዙ አለቀሰች። ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ግን ከተማውን ለቀው ሄዱ፤ እነሱን የሚመልስ ደንብ የለም።

ድምፁ በተሰጠበት ቀን ሰው እየተሳሳመ ሲወጣ፣ ሽበታሙ ሰውዬ ደረጃው ላይ አገኟትና እጃቸውን ዘረጉላት።

"አሸነፉ። አሁን ደስ አለዎት?"

መነን ጨበጠቻቸው። "ደንቡ ከዚህ ከተማ ድንበር አያልፍም፣ ጌታዬ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ከተማ ምንም የለውም፤ እዚያም ልጆች አሉ።"

ወደ ክፍሌ ታክሲ ሲራመዱ ከሚስስ ገርሾን ጋር የማዶውን ከተማ ምክር ቤት አባላት በስም ይቆጥሩ ጀመር። ክፍሌ የኋላውን በር ለሚስስ ገርሾን ከፈተላቸው።

"ማንን ነው መጀመሪያ የምናነጋግረው?" አለ፣ ሞተሩን እያስነሳ።

"የማዶውን የፖሊስ አዛዥ" አለች መነን። "የሚመዘግበው ፖሊስ ነው።"