የእትዬ ቦታ
ነገሌ ቦረና፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ በጽዳት ስሠራ ቀጣሪዬ ጤና ጣቢያው አልነበረም፤ ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ነበር። ውላችን በየስድስት ወሩ ይታደሳል። ሊያልቅ ሲል ሁላችንም ኤጀንሲው ቢሮ እንመላለሳለን። ነርሶቹ እንኳ ስማችንን ትተው «ኤጀንሲዎች» ነበር የሚሉን።

ካርድ ክፍል የሚሠሩትን ሴት እትዬ እላቸው ነበር። አባታቸው ከሰሜን የመጡ ወታደር ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ኦሮምኛውን ያቀላጥፉታል። አንድ ቀን ስወለውል ጠሩኝና ካርድ አቀበሉኝ።

«እስቲ አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው።»

በማግስቱም ረሱት። በሳምንቱ ገባኝ፤ ዓይናቸው እየጠፋ ነበር። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሳንነጋገር ተስማማን፦ እሳቸው በመስኮቱ ስም ይቀበላሉ፣ እኔ መወልወያዬን አስደግፌ ካርዱን እፈልጋለሁ። በዚያው ሥራውን አስተማሩኝ።

«ከአሬሮ የመጣ ሽማግሌ ዕድሜው ስንት እንደሆነ አትጠይቂ፤ በየትኛው ድርቅ እንደተወለደ ጠይቂው። ዓመቱን እኛ እናወጣዋለን።»

እኔ ማዋለጃ ክፍል ለጽዳት በተላክሁበት ቀን እትዬ ለአንድ ሰው የሌላ ሰው ካርድ ሰጡ። ነርሷ መርፌውን ሳትወጋ ነቃችበት። ኃላፊው አስጠሩኝ።

«ካርዱን የምታነቢው አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ።

ለበሽተኞቹ ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ። እውነትም ነው። ግን አፌ «አዎ» ሲል ልቤ ቦታውን አስቦ ነበር።

እትዬ በጤና ምክንያት ተሰናበቱ። ማስታወቂያ ወጣ፤ ተወዳድሬ አለፍኩ። የቋሚነት ደብዳቤዬን ሳሳያት እናቴ እልል አለች፤ እኔ አብሬያት መሳቅ አቃተኝ። ወንበሩ የእሳቸውን አቀማመጥ ይዞ ጎድጉዷል። ከገጠር የሚመጡ እናቶች «አካም? ናጋ?» እያሉ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ይሉና ፊቴን ሲያዩ ሰላምታቸውን በአጭሩ ይቀጩታል።

አንድ ጠዋት አንገቴን ሳላቀና «ስም?» አልኩ። ቀና ስል እትዬ ናቸው፤ የእህታቸው ልጅ ክንዳቸውን ይዛለች። ያቤሎ ካለው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ስለሆነ የሕክምና ወረቀታቸውን ፈልገው ነው የመጡት።

«እትዬ፣ ያን ቀን እኮ እኔ ነኝ ለኃላፊው...»

«አውቃለሁ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለውም። «ይልቅ ሰው አታስቁሚ፤ ከኋላዬ ሰልፍ አለ።»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በእጃቸው ዳበስ አድርገው ሄዱ። ያቤሎ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም።

ይኸው ቋሚ ከሆንኩ ስንት ዓመቴ። እያንዳንዱን ስም ሁለት ጊዜ አነባለሁ። አንዳንዴ መደርደሪያው ሥር ጎንበስ ስል፣ ወንበሩ ላይ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ካርዱን እስካቀብለው የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ቶሎ አልዞርም።